ነጭ የተውኩት ቦታ

ካርታውን የሳልኩት እኔ ነኝ፣ አልክድም፤
ቀለሙ ከጣቴ ባጥበው አይለቅም።
አሕመዳባድ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ከባቡር ሐዲድ ሥር፣
የላስቲክ ጎጆ፣ አንድ ቦኖ፣ ያዘመመ አጥር
የነበረበትን ነጭ አድርጌ ተውኩት፤
በነጩ ላይ በቀይ «ባዶ ቦታ» አልኩት።

ከሰማይ ከተነሣ ፎቶ ነው የገለበጥኩት፤
ሰማያዊ ጣሪያቸውን ኩሬ መስሎኝ አለፍኩት።
ሰው ኩሬ ውስጥ ያድር እንደሁ
አልጠየቅሁም፤ ዓርብ ነበር፣ ለሻይ ቸኩያለሁ።

ማስታወቂያው ተለጠፈ በቢሮው ኮሪደር፣
ሠፈሩ በማያነበው ቋንቋ፣ ከእሳት ማጥፊያው ሥር፤
«ቅሬታ ያለው ሰው በሠላሳ ቀን ይምጣ»
የሚል፣ ለይስሙላ የወጣ።

በሃያ ስምንተኛው ካንኩቤን መጣች።
ክር ቀላሚ ናት፤ የካይት በዓል ሲደርስ
የሩዝ ሙቅ፣ ሮዝ ቀለም፣ የደቀቀ ብርጭቆ አዋሕዳ
ከግንድ ወደ ግንድ ክሩን እየለቀለቀች
ቀኑን ሙሉ ትመላለሳለች፤
ጣቷን በጨርቅ ትጠቀልላለች፣
ጨርቁም ሲያልቅ በደሟ ታቀላለች።

ሰነድ አልያዘችም። አንድ ድውር አወጣች፣
ጠረጴዛዬ ላይ፣ ካርታው ላይ ዘረጋች፦

«ሠፈሩን በዚህ ክር ለካነው በሌሊት፤
እያንዳንዱ ቋጠሮ፣ ይኸውልህ፣ ቤት።
ይኼ የሻሚም ባኑ። ይኼ ጥንዱ ቋጠሮ
የሳቭጂ ምራት ናት፣ መንታ የወለደች ዘንድሮ።
ይኼ የላላው የዳንጂ፣ ከግንባታ ላይ የወደቀው፤
ፈትተን አንጥለውም፣ ሚስቱ አለችበት፣ ገና ቤት ነው።
እንግዲህ ቁጠረው፤ ሦስት መቶ አሥራ አንድ ነው
አንተ ባዶ ያልከው።»

አለቃዬ ሳቀ። «ቤትማ ይሰጣችኋል፣
ከከተማው ዳር፣ ስድስተኛ ፎቅ፤ ሊፍትም ይገባል።»

«ስድስተኛ ፎቅ ላይ ክር የት ይዘረጋል?
አርባ እርምጃ መንገድ፣ ሁለት ግንድ ይፈልጋል።
ለአውቶቡስ ከፍዬ ገበያ ብመጣስ ምን ይተርፈኛል?
ከባለ መሬት ሁሉ ለመንገድ ትቆርሳላችሁ፣
ለመናፈሻ ትቆርሳላችሁ፣ ለሽያጭ ትቆርሳላችሁ፤
እኛ ጋ ሲደርስ ነው ቢላው የሚደንዝባችሁ?
ለድሃ ይቆረስ የሚል አንቀጽ አላችሁ፤
ልጄ አንብባልኛለች፤ ገጹን ልንገራችሁ?»

«ሰማይ አይታረስ» ይላል የጥንት ሰው፤
ይቺ ግን መሬቱን በሰማይ ክር ለካችው።
የተረቱን እኩሌታ እኔ አልጨርሰውም፤
የከሰሰች ሴት ፊት አፌ እሺ አይለኝም።

እሑድ፣ ሜትሬን ይዤ፣ ለብቻዬ ሄድኩኝ፤
ልጆች ተከተሉኝ፣
አንዷ ወንበር ሰጠችኝ፣ ሌላዋ በሯን ዘጋችብኝ።
ከሸራው ሥር ምድጃ፣ የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ የተሰቀለ ቀሚስ አየሁ፤
ኩሬዬን አጣሁ።
የኔ ሜትርና የእሷ ክር
የተለያዩት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ በአንድ ስንዝር።

ከዚያ ወዲያ ያለው ስብሰባ ነው፣ ማኅተም ነው፤
ሁለት ክረምት አለፈው።
መቶ ዘጠና ሰባት ቋጠሮ ካርታው ላይ ሰፈረ፣
እዚያው፣ ከቦኖው ጎን፣ በየስማቸው፤
አርባ እርምጃ መንገድም አለ፣ ሁለት ግንድ ያለው።
መቶ አሥራ አራቱ ግን «በቀጣዩ ምዕራፍ» ተባለ።
ምዕራፍ ምንድን ነው? ብላ ጠየቀችኝ።
መጽሐፍ ውስጥ የሚገኝ ነው፣ አልኳት። አየችኝ።

ድውሩን አልወሰደችም። «ያልገቡት እስኪገቡ
አንተ ጋ ይቆይ» አለች።
መሳቢያዬ ውስጥ አለ።
ትናንት ላጲስ ስፈልግ
ጣቴን ቆረጠኝ።