ከሥር የቀረው

ከተማው ይጠጣል፣ ከላይ የጠራውን፤
ተማም ነው የሚያውቀው፣ ከሥር የቀረውን።
ሃያ ሦስት ክረምት፣ አካፋ ጨብጦ፣
በማጣሪያው ገንዳ፣ እስከ ጉልበት ሰምጦ፣
ጎርፍ የዘረፈውን፣ የገበሬ አፈር
ሲያወጣው ሲደፋው፣ ሲዝቅ ያድር ነበር።

የት ይደፋው ነበር?

ሌሊት፣ ጅማ እንቅልፍ ሲወስዳት፣
የታችኛውን ቫልቭ በሁለት እጁ ያላላና
ዝቃጩን ወደ ቦዬ ረግረግ ይለቀዋል።
ጉማሬዎቹ ያያሉ። ሌላ የጠየቀ የለም።
«ወንዝ ያመጣውን ለወንዝ መለስኩ» ይላል፤
ሲያድር ግን ቃሉ ጉሮሮው ላይ ይዘቅጣል።

ዘንድሮ መጭመቂያው መጣ።
ሰነዱ ላይ ስሙ ረጅም ነው፣ ማኅተምም አለው፤
ተማም «መጭመቂያው» ብሎት አረፈ።
ሸራው ዞረ፣ ውሃው ተንጠፈጠፈ፣
ከጫፉ ላይ ጭቃው እንደ ቂጣ ተቆርሶ ወደቀ።
ዙበይዳ ከላቦራቶሪ ብልቃጧን ይዛ ሮጠች፤
የጂሬኑ ጡብ ሠሪ ጋሪውን አስጠግቶ
«ስንት ትሉኛላችሁ?» አለ።
ዋጋ ያሰበለት ሰው አልነበረም።
ተማም አንዱን አነሣ፣ አውራ ጣቱን ተጫነው፤
አሻራው ቀረ።
ሃያ ሦስት ዓመት የዛቀው አንድም ቀን
እጁን አልያዘለትም ነበር።

ማታ ወደ ቤቱ ሲሄድ ረግረጉ ዳር ቆመ።
ከውሃው በላይ ሁለት ጆሮ ብቻ
ብቅ ብሎ ይጠብቃል።
ተማም ጉሮሮውን ጠረገ፤
ምን ብሎ ይጀምር?