ፓራፋንጎ

ሁሳቪክ ላይ ጥር ነው፤ ፀሐይ የሚሏት
ቀትር ላይ ብቅ ብላ ጥልቅ የምትል ናት።
ከጋራዡ ደጃፍ በረዶ ተከምሯል፤
ውስጥ የናፍታ ምድጃ እንደ ጉንፋናም ሰው ያስላል።
አራቱም ጎማዎች ግድግዳ ተደግፈው
ቁመታቸው እምብርቴን ያለፈ፣
አርባ አራት ኢንች፣
የጎማ ፀጉራቸው ገና ያልረገፈ።

ትናንት አንዱን ገጥሜ መሪውን ባዞረው
ጎማው ፓራፋንጎን በጥርሱ ነከሰው፣
ቀለሙን ላጠው፣
ከበሩ ሥር ደርሶ እዚያው ተቀረቀረ።
መቁረጥ ነው፣ ሌላ የለም፤ ነገሩ ከረረ።

ግን የማንን መኪና?
ኬቲል አባቴ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት
ቅዳሜ በመጣ በጨርቅ የዳበሳት፣
ጠጠር ፈንጥሮባት ቁንጫ የምታህል ጭረት ቢያይባት
አጎንብሶ፣ በጥፍሩ ለክቶ፣ ስቱኮ የሚቀባት፣
ከእናቴ ኩርፊያ ይልቅ የሷን ዝገት የፈራ።
አሁን የዘይት በርሜል ላይ ተቀምጧል ከኔ ጋራ፤
"ቁረጪ"ም አላለ፣
"ተዪ"ም አላለ።
"አርንዲስ!" ይለኝ ነበር በስሜ ሲቆጣ፤
ዛሬ ስሜን እንኳ ከአፉ አላወጣ።

ለምን እንደሆነ ያውቀዋል።
አምና ከነፍስ አድን ጓዶቼ ጋር በቀጭን ጎማ ወጥተን
ከአምባው በረዶ ላይ እስከ ሆዳችን ሰምጠን
ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ስንቆፍር በአካፋ
የትሪግቪ ልጅ ከማዶ፣ ከሸለቆው ወዲያ፣
ድምፁ ከራዲዮው ውስጥ ቀስ በቀስ ሲጠፋ።
ልጁስ ተርፏል።
ብርዱ ግን ሁለት ጣቱን ወስዷል።
ትሪግቪም ይኸው ከፋይበር ቅንድብ ሠርቶ ሰጠኝ፣
አራት ጥቁር ቅንድብ፣ ለአራቱ ጎማ ዓይን፤
ዋጋውን ብጠይቀው ወደ መስኮት ዞሮ
"ነፋሱ በረታ ልበል?" አለኝ።

"አሥሬ ለክተህ አንዴ ቁረጥ" ይባላል፤
እኔ ሃያ ለካሁ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል።
ጠርዙ ላይ ያለችውን የጎማ ክፈፍ ፈልቅቄ ሳነሳት
የሠላሳ ዓመት ጭቃ ረገፈ እንደ ዱቄት።
በጨርቅ ጠረግሁት።
ከሥሩ መስመር አለ፣ በእርሳስ የተሠመረ፣
እንደ ቅስት ጎብጦ፣ ሳይሰበር የዞረ፤
ከጫፉ ላይ ቁጥር፣ ሠላሳ ስምንት፣
ከቁጥሩ ቀጥሎ የጥያቄ ምልክት፣
ከምልክቱ ቀጥሎ ዓመተ ምሕረት፤
የተወለድኩበት።

"ያንተ ነው?"
አልመለሰም። ጓንቱን አወለቀ፣
መስመሩን በአውራ ጣቱ ከዳር እስከ ዳር ተከተለ።
"ፋይበሩ ውድ ነበር" አለኝ።
"አንቺም መጣሽ።"

ቆይቶ፣ ምድጃው ስሎ ስሎ ዝም ሲል፣
ጎማዎቹን አየ፣ መስመሩን አየና፣
"ይሄ ለድሮ ጎማ ነው፤ አይበቃሽም ገና።
ሁለት ጣት ጨምሪ።"

ግራይንደሩ ጮኸ፤ ብልጭታው ጣሪያ መታ፣
ጋራዡን ሞላው የተቃጠለ ቀለም ሽታ።
ጠርዙን በሞረድ ሳልሁ፣ ፀረ ዝገት ቀባሁ፣
በትራፓኖ በሳሁ፣
ቅንድቡን በአሥራ ስምንት ብሎን ጠፍሬ አሰርሁ፤
አንዷ ብሎን ጠማማ ናት፤ ትሁን።
መሪውን እስከ ጥጉ አዞርሁት ወደ ግራ፣
ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ግራ፤
ምንም አልነካም።

ዞር ብል አባቴ
የተቆረጠውን ላሜራ ከወለሉ አንስቶ፣
እንደ ጠፍ ጨረቃ የጎበጠውን ስባሪ
ጭኑ ላይ አጋድሞ
በጨርቅ ይወለውላል።

ቅዳሜ ነው ለካ።