ስድስት ቁልፍ

ፖርቶ ውስጥ፣ ወደ ወንዙ በሚወርደው ቁልቁለት፣
ቁልፍ ይሸጣል፣ ክርና መርፌ፣ ካንዲት ጠባብ ቤት።
በዚያ ክፉ ዓመት
በሩ ላይ ተለጠፈ፦ «ጭምብል ያላጠለቀ እንዳይገባ፤
አንድ ሰው ባንድ ጊዜ።» ከጽሑፉ ዳር፣ በእርሳስ የተሳለ አበባ።

እኔ ሦስተኛ ነበርኩ። ጭምብሌ አገጬ ላይ፣
እንደ ሰነፍ ተማሪ ደብተር፣ ለይስሙላ የሚታይ።
«ትንፋሼ የግሌ ነው» ባይ፣
ሃያ ስድስት ዓመቴ፣ ጉንፋን እንኳ የማላውቅ ነበርኩ፤
ፖሊስ ሲመጣ ከፍ፣ ሲያልፍ ዝቅ፣ እንዲያ እያልኩ ከረምኩ።

ከፊቴ ሽማግሌው ልብስ ሰፊ፣ አዴሪቶ፣
ቁልፉ የረገፈ ጥቁር ካፖርት ከቦርሳው ከቶ።
ከልጅነቱ ጀምሮ ጆሮው አይሰማም፤
ከከንፈር ግን ይለቅማል፣ አንዲት ቃል መሬት አያስነካም።
ሰፈሩ ያውቃል። እሱ ፊት ሲደርስ ሰው ቀስ ብሎ ያወራል፤
ሐሜተኛም ቢሆን፣ እሱ ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል።

አሁን የከንፈር አገር ሁሉ ተዘጋ፣
ነጭና ሰማያዊ ጨርቅ፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ ተዘረጋ።
ዓይን ብቻ ቀረ። ዓይን ደግ ነው፤ ዋጋ ግን አይናገርም፣
«ስንት ነው?» ቢሉት ይርገበገባል እንጂ አይቆጥርም።

ዞር አለና አየኝ። ዓይኑ ከንፈሬ ላይ አረፈ፣
እንደ ክር፣ ቀዳዳውን አገኘና አለፈ።
በራ ገጹ፤
አለኝም፣ ራሱ ሰምቶት በማያውቀው ድምፁ፦
«ዝናቡን ስትረግም ከንፈርህን አየሁ፤
ይመስገን፣ ዛሬ ከሰው ሁሉ አንተን ብቻ ሰማሁ።»

ምን ይባላል? ስንፍናዬ ምጽዋት ሆኖ ተቆጠረ።
አፍሬ ልሸፍን እጄ ተነሣ፤ ግን አየር ላይ ቀረ።
ብሸፍን፣ በሩን ልዘጋበት፤
ብተወው፣ ሳሌን ልልክበት።

ተራው ደረሰና ገባ። ዴኦሊንዳ ከባንኮኒው ማዶ፣
ጭምብሏን እስከ ዓይኗ ስባ፣ ሜትሯ ካንገቷ ወርዶ።
ፎቅ ላይ ባሏ ቤልሚሮ አለ፣ ሳንባው የወንፊት ያህል፤
እሷ ጭምብሏን አታወልቅም፣ ጳጳስ እንኳ ቢል።
ካርቶን ላይ ጻፈችለት፤ መነጽሩን ቤት ረስቷል፤
ጮኸች፤ ጩኸት ለሱ ምኑ ነው? ጨርቁም ቃሏን አስቀርቷል።

ያኔ በጣቷ ወደ ውጭ አመለከተችው፤
ወጣ፣ ቅር እያለው። በሩን ከኋላው ዘጋችው።
ሰልፉ አጉረመረመ፦ «አባረረችው እንዴ?»
«ልማዷ ነው፣ እኔንም እንዲህ አድርጋኛለች አንዴ!»

እሷ ግን ከመስታወቱ ወዲያ ጭምብሏን ፈታች፣
(ስድስት ወር ያላየነው አፍ)
ቃሏን እንደ ጨርቅ ዘርግታ፣ በዝግታ ለካች፦
«ቀንድ ነው ወይስ ፕላስቲክ? ባለ አራት ቀዳዳ ወይስ ባለ ሁለት?»
እሱም ከውጭ መለሰ፦ «ቀንድ! ባለ አራት! ስድስት!»
ለማይሰማ ጆሮ፣ መስታወት ምን ያግዳል?
ድምፅ ከወዲያ ይቅር፤ ከንፈር መስታወት ያልፋል።

ከዚያ አየሁት። በያንዳንዱ ቃል መስታወቱ ይደበዝዛል፤
ትንፋሿ ጉም ሆኖ ይዘረጋል፣ ወርዶ ይወዛል።
በእጅጌዋ ትጠርገዋለች፤ «ስድስት» ስትል ደግሞ ይመጣል፤
መስታወት በሌለበት፣ ይሄ ሁሉ ማን ላይ ይቀመጣል?
ከአፍ የወጣ አፋፍ የሚሉት ለቃል ብቻ አይደለም፤
የኔን ጉም ያቆመ መስታወት፣ እስከዛሬ የለም።
አንድም ቀን አልጠየቅኩም።

ቁልፎቹን በወረቀት ጠቅልላ በበሩ ክፍተት አሾለከች፤
ሳንቲሙን ደፉ ላይ አኖረ፤ ጭምብሏን መልሳ አጠለቀች።
ዞሮ ፈለገኝ። እኔ ግን ሸፍኜ ነበር።
ፊቱ ጨለመ፣ መብራት እንደጠፋበት ሰፈር።

ተራዬን ለቀቅኩ። መንገዱን ተሻግሬ፣ ሰው ከሌለበት ግድግዳ ሥር፣
ጭምብሌን ዝቅ አድርጌ፣ «ደህና ይዋሉ» አልኩት፣ ያለ ድምፅ፣ በከንፈር።
ከማዶ አንዲቱን ቁልፍ በሁለት ጣቱ አንሥቶ አሳየኝ፤
ምን ማለቱ እንደሆነ፣ ዛሬም በወጉ አልገባኝ።

ከሰልፉ ጭራ ተመልሼ ቆምኩ። ካፊያው ዝናብ ሆነ፤
ተራዬ ሲደርስ፣ ሱቁ ለምሳ ተከደነ።
ነጭ ክር ነበር የፈለግኩት።