አፍሉት ብዬ ነበር

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደጅ ለደጅ ዞሬ፣
"አፍልታችሁ ጠጡ" ብቻ ነው ነገሬ።
በእድሩ ድንኳን ውስጥ፣ በክትባት ሰልፍ ላይ፣
ጃንጥላዬን ይዤ፣ በዝናብ በፀሐይ፣
አፍሉት። አፍሉት። አፍሉት።
ልጆች ሳልፍ ሲያዩኝ ስሜን ያን አደረጉት።

ከሰፈሩ ሁሉ ቀድማ የሰማችኝ
ባንቺአምላክ ነበረች፤
አንድ ልጅ ቀብራ ነው በቃሌ ያመነችኝ።
ከሰል እየገዛች፣ ከዳቦዋ ቀንሳ፣
ክዳኑ ሲንቀጠቀጥ እስኪበቃው ታግሳ፣
ታቀዘቅዘዋለች በእንስራ፣ በጣሳ።

ጉማራ ክረምቱን ከየማሳው ማዳበሪያ አጥቦ ሲያግዝ ከረመ፤
ጣናም ከልኩ በላይ ጠግቦ ታመመ።
ጥቅምት ላይ ነፋሱ ተኛና፣
ቀለም እንደደፉበት አረንጓዴ ሆኖ ነጋ ጣና።
እምቦጭ መስሎን ነበር። እምቦጭስ ደግ ነው፣
ሥር አለው፣ ቅጠል አለው፣ ዘመቻ ወጥተን በእጅ የነቀልነው።
ይህኛው ግን ሾልኮ በጣት መሃል ያልፋል፣
የታጠበ ነጠላ አረንጓዴ ይተፋል።
ሽታው ዝናብ የመታው፣ የሻገተ ገለባ።
የአንሙት ጊደር ከደንገሉ ሥር ጠጥታ ማታ በረት ገባች፣
ጠዋት ግን አልተነሣች።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ "ምን ይሻላል?" ብሎ ዞረ፤
አፌም የሚያውቀውን፣ ያንኑ ተናገረ።

በሦስተኛው ቀን ላይ ከባሕር ዳር መጣ
አንድ ቀጭን ወጣት፤ አጉሊ መነጽሩን ከሣጥኑ አወጣ።
ስሙ እንየው ነው። "እንየው" አለና ጠብታ አስቀመጠ፤
አንድ ዓይኔን ጨፈንኩኝ፣ ሌላው አፈጠጠ።
ክሩ የተበጠሰ ዶቃ የመሰለ፣
እንባ በማትሞላ ጠብታ ውስጥ ስንቱ ተኮለኮለ!

"እያፈላን እኮ ነው" ስለው ቀና አለና፣
ለሐዘንተኛ እንደሚያወራ ሰው ድምፁን ዝቅ አደረገና፣
"እያንዳንዷ ፍሬ መርዟን በሆዷ ይዛለች፣
ስትፈላ ትፈነዳለች።
መርዙ እሳት አይፈራም። እንፋሎቱ ሲሄድ እሱ ይቀራል፣
ውሃው ባነሰ ቁጥር እሱ ይጠነክራል።"

"ክሎሪኑስ?"
"ቀድሞ ከገባ ያው ነው፣ ያፈነዳታል እሱም።
ሳትሰበር ነው ማውጣት፤ መጀመሪያ አሉም፣
እንቁላል እንደያዘ ሰው ቀስ ብሎ ሰብስቦ እንዲያዘቅጣት፣
ከዚያ አሸዋው ያስቀራት።
ያመለጠውን መርዝ ከሰሉ ይጠጣ፣
(የምድጃሽ አይደለም፣ ለዚሁ የተሠራ)
ክሎሪን በመጨረሻ ይምጣ።"
"እዚህስ መቼ ይሠራል?" አልኩት፤ ትከሻውን ሰበቀ፤
"እስከዚያ ቦቴ ይመጣል" ሲል ድምፁ ራቀ።

ያን ቀን መንደሩ ረዘመብኝ። ድምፅ ማጉያ ያዝኩ፣
"አታፍሉት" ልል ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ ምራቄን ዋጥኩ።
ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲሉ ጎርፉን ነበር የማስበው፤
በእኔ ቃል እንደሚወስድ ማን ልብ አለው?

ባንቺአምላክ ቤት ደረስኩ። እሳቱ ይነዳል፣
ክዳኑ ከድስቱ ጋር ይንገጫገጫል።
"ግቢ" አለች፤ በብርጭቆ ቀዳችልኝ፤
"ያንቺን ቃል ጠብቄ፣ ዛሬማ ሁለቴ ነው ያፈላሁት፣ ጠጪልኝ።"

ጥርት ያለ ነበር። ለብ ያለ።
አስቀመጥኩት።
እንደ መርዶ ነጋሪ ቆሜ ነገርኳት።

አልጮኸችም። ድስቱን በጨርቅ ይዛ ወጣች፣
ዶሮዎቹን እሽ ብላ አባርራ ደፋች።
"ታዲያ ያ ዘጠኝ ዓመት?"
"ያኔ እውነት ነበር። ለተቅማጡ ዛሬም እውነት ነው።"
"የነገውስ የቱ ነው?"

ቦቴው ጡሩምባውን ሲነፋ ከሰዓት፣
ቢጫ ጀሪካኔን ከእሷ ኋላ አስቀመጥኳት።
ልጆቹ አዩኝ፤ ያንን ስም ማንም አልጠራም።
በባዶ ምድጃዋ እሳቱ ግን ገና አልጠፋም።