ንቧ

የድንጋይ ከሰሉ ኩባንያ ባንክ ከተዘጋ ወዲያ
ካዝናውን ወረሰው የመንደሩ ሬዲዮ ጣቢያ።
ሐሙስ ሐሙስ ማታ ቁልፉን እይዛለሁ፤
ብር በነበረበት ሙዚቃ እቆጥራለሁ።

ይኸው የዛሬው ክምር፣ አሥራ አንድ አልበም፤
አራቱ ከናሽቪል፣ አንዱ ከኖርዌይ፣ አይገርምም?
ባንጆ በበረዶ አገር! ማን ከለከላቸው፣
ጣት እስካላቸው ድረስ፣ ክርም እስካላቸው።

ሽፋኑ ላይ ሁሉም ጢሙን አሳድጓል፤
ሁሉም አሮጌ በር ተደግፎ ይቆማል፤
ላም ታልባ በማታውቅበት በረት ፎቶ ይነሣል።

እኔ ሽፋን አልሰማም።
ሸክላው ላይ መርፌውን ቀስ አድርጌ አሳርፋለሁ።
ቀኝ ጆሮዬን የካልሲ ፋብሪካው ማሽን በልቶታል፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት አጠገቡ ቆሜ፤
የተረፈኝን ግራውን ወደ ድምፁ አዞራለሁ፣
ዶሮ ጥሬ ስታይ አንገቷን ሰበር እንደምታደርገው።

ከዚያ በአጭሯ እርሳሴ ጥግ ላይ እጽፋለሁ፦
«ሁለተኛው ደህና። አራተኛው ችኩል፤
ማንዶሊኑ የሰው ወሬ አቋርጦ የሚገባ ይመስላል።»
«ይቺ ልጅ ድምጿ ሸጋ ነው፣ ሐዘኗን ግን ታየዋለች፤
መስታወት ፊት ቆሞ እንደሚያለቅስ ሰው ትዘፍናለች።»
«እህትማማቾች፣ ከጆርጂያ። አንሶላ እንደሚያጥፉ ሁለት ሴቶች፣
ድምፅ ለድምፅ ይጠጋጋሉ፣ ይራራቃሉ፣ ጫፍ ከጫፍ ይገጥማል።»
«ስምንተኛው ስድብ አለበት፣ አየር ላይ አይውልም።»
(እኔ ግን ሁለቴ ሰማሁት። ለማንም አልናገርም።)

ዝናብ ጀመረ።
ዘጠነኛው ሸክላ የአንድ ልጅ ነው፣ ከኦሃዮ፣
ኮልቢ ራትሊፍ ይባላል፣ ሰምቼው አላውቅም።
ቫዮሊን ብቻውን ገባ።
ደጋኑ ወፍራሙን ክር ሲነካው
አንድ ነገር አለ፤
ጠርሙስ ውስጥ የገባች ንብ።

ያቺን ንብ አውቃታለሁ።

በጎርፉ ዓመት ውሃው አልጋችንን አለፈ፤
ኤስቲል ቫዮሊኑን ምድጃ ዳር ሰቀለው፣ ሊያደርቀው፣
ቸኩሎ። ሆዱ ተሰነጠቀ።
በፖም ሣጥን ስንጣሪ፣ በአናጢ ሙጫ ጠገነው፤
ሲጫወተው ያ ድምፅ መጣ፣
ሳቀና «ተከራይ ገብታበታለች» አለኝ።
በዓመቱ በአርባ ዶላር ሸጠው፣ ለመኪናው ባትሪ።
መኪናው እስከ ፋሲካም አልቆየ።
ሌላ ቫዮሊን አልገዛም፤ ሬዲዮ ሲዘፍን ብቻ
አራት ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ይሄዱ ነበር።
ሳንባው አቧራውን ይዞ ከሄደ ስድስት ዓመቱ ነው።

መርፌውን መለስኩት። አንዴ። ሦስቴ።
ልጁ ጎበዝ ነው፣ ይፈጥናል፣
ንቧን ግን ይፈራታል፤ እንደነካት ወደ ቀጭኑ ክር ይሸሻል።
አምስተኛው ዜማ ላይ ደከመው መሰለኝ፣
ወረደና አረፈባት፣ ረጅም፣ ሳይቸኩል፣
ካዝናው ሁሉ...

አይ፣ ካዝናው ምንም አልሆነም።
ብረቱ ብረት ነው፣ ዝናቡም ዝናብ።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ማይኩን ከፈትኩ፤
የልጁን ስም አነበብኩ፣ የከተማውን ስም፣
አልበሙ የወጣበትን ወር። ሌላ ምንም።
አምስተኛው ሲዘፍን በጣቢያው ካርድ ጀርባ ጻፍኩ፦

«አቶ ራትሊፍ፣ አልበምህ ደርሶናል፣ እያሰማነው ነው።
ሲዘንብ የግራው መቃኛ ይላላል፣ ጠመኔ ቀባው።
ወፍራሙ ክር ሥር ያለችውን
ለጠጋኝ አሳልፈህ እንዳትሰጣት።
ዴልፋ።»

ቴምብሩን ላስኩ። መራራ ነው፣ እንደ ድሮው።
ሁለት ሸክላ ይቀረኛል።
የኖርዌዮቹን ከከረጢታቸው አወጣሁ፣
ግራ ጆሮዬን አዞርኩ።