ክፍት የሥራ መደብ

ደብረ ማርቆስ ላይ፣ ከመናኸሪያው ማዶ፣
ሰሌዳ ቆሟል፣ ቆርቆሮው በዝገት ተቀዶ።
ሁለት ክረምት ሙሉ እሱን ተሳለምኩት፣
እንደ ደጀ ሰላም ቆሜ ደጅ ጠናሁት።
«ሒሳብ ሠራተኛ፤ ብዛት፣ አንድ ብቻ»፤
እኛ መቶ አርባ፣ ትከሻ ለትከሻ፣
ማስረጃችን በፌስታል ተጠቅልሎ፤
ወረቀቱ ደረቅ፣ ባለቤቱ ርጥብ።

አባቴ ቦራን ሸጦ ነው ያስተማረኝ።
ስመረቅ፣ «ምን አጠናሽ?» ብሎ ጠየቀኝ።
«የተፈጥሮ ሀብት» አልኩት።
ግንባሩን አከከ፣ ወደ ተራራው ዞሮ፣
«ሀብቱስ የታል ልጄ? ይኸው ተፈጥሮ!»
ሳቀ። ያን ዓመት የሚያርሰው በመቀናጆ ነበር።

ከቤታችን ራስጌ ቦረቦር አለ።
እኔ ስወለድ ጥጃ የሚዘለው፣
ስመረቅ የይርሳውን ማሳ እኩሌታ የዋጠ፣
አሁን ደግሞ ጎተራውን የሚያይ።
ሌሊት ሲዘንብ እናቴ አትተኛም፤
«ዛሬስ የማንን ወሰደ?» ትላለች በጨለማ፣
አፈር ስም ያለው ይመስል፣ ለቅሶ የሚደረስለት።

አንድ ማክሰኞ ሰሌዳውን ተውኩት።
አያ አንማውን ፍለጋ ወጣሁ፤
ሠላሳ ዓመት ከሰል ያከሰለ፣
ጥፍሩ ዛሬም ጥቁር ነው።
«አንተ የጨረስከውን አብረን እንጀምር» ስለው
አልተቆጣም። መጥረቢያውን ግድግዳ አስደግፎ ተነሣ።
ዛፍን እንደ ቆራጩ የሚያውቅ የለም፦
ኮሶ ዘሩን መቼ እንደሚጥል፣
ወይራ የማንን ጥላ እንደሚወድ።
እኔ በመጽሐፍ ያየሁትን
እሱ በመጥረቢያ አንብቦታል።

በመጀመሪያው ዓመት አራት ሺህ ተከልን።
በረዶ መጣ፤
ከበረዶ የተረፈውን የእትዬ ሙጪት ፍየሎች።
ሰባት መቶ ቀረን።
የወረዳው ሪፖርት ግን ዛሬም አራት ሺህ ይላል፤
ለካ የተተከለ እንጂ የጸደቀ አይቆጠርም።
ገበያ ላይ ሲያዩኝ፣ «ዲግሪዋን ጭቃ አቦካችበት» ይላሉ።
እውነታቸውን ነው። ጥሩ ጭቃ ነው፤
ከፍጉ ጋር ተስማምቷል።

«ቅጥር አገኘሽ ወይ?» ይለኛል የሰፈር ሰው፤
አገኘሁ፤ በእሾህ፣ በቀርከሃ ያጠርነው።
«መደብሽስ የት ነው?» ከምንጩ ሥር ያለው፣
ሦስት ሺህ ችግኝ ጎን ለጎን ያስተኛው።
«ሥራስ ያዝሽ?» ካሉኝ፣ ቃሉን ላሳጥረው፦
ሥር ይዣለሁ በሉ፤ መልሴ ይኸው ነው።

ደሞዙ ይዘገያል፤ አልዋሽም።
ሁለት ቀፎ ሰቅለናል፣ አንዱ እስካሁን ባዶ ነው።
ከቦረቦሩ ያጨድነውን ሣር ሸጠን
ለአያ አንማው ቦቲ ገዝተናል፤
እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይስምበታል።
ባለፈው ሐምሌ ደግሞ ሌሊቱን ሲያወርደው አደረ።
ጨለማው ውስጥ ጆሮዬን ጣልኩ፣ ጥያቄዋን ጠብቄ፤
እናቴ እስኪነጋ አንኮራፋች።

ትናንት ወደ ማርቆስ ወረድኩ፤
በዚያው ዝገት ላይ፣ በአራት ሚስማር፦

«ክፍት የሥራ መደብ። ብዛት፦ ስድስት። ጾታ፦ አይለይም።
የትምህርት ደረጃ፦ ያለው ይዞ ይምጣ፤
ከሰል ያከሰለም ይምጣ፣ ልምዱ ይያዝለታል።
የሥራ ቦታ፦ ጎርፍ በሄደበት ሁሉ።
ደሞዝ፦ በስምምነት፣ ከዝናቡም ጋር።
ማሳሰቢያ፦ ያልጸደቀ ችግኝ እንደተተከለ አይመዘገብም።»

አንዲት ልጅ ከሰልፉ ወጥታ አነበበችው፤
ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ ሁለት ጊዜ።
«ምዝገባው እስከ መቼ ነው?» አለችኝ።
ቀና ብዬ ወደ ጮቄ አየሁ፤
ደመናው ጫፉ ላይ መቀመጥ ጀምሯል።
«ዝናቡ እስኪገባ።»
«ጭቃ አለው?»
«አለው።»
ፌስታሏን አጣጠፈች፤
ጎንበስ ብላ ጫማዋን አየች።