የእንጀራ ገመድ

ግዳንስክ፣ ወደቡ ዳር፣ ክሬኖች በቆሙበት፣
ከባልቲክ ባሕር በኩል ጨው በሚነፍስበት፣
አንዲት ጠባብ ቤት አለች፣ የክር አሻንጉሊት ቴአትር፣
ጣሪያዋ የሚያፈስ፣ ወንበሯ የሚያቃስት፣ ስሟ ግን የሚከበር።

እኔ የመብራት ሰው ነኝ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ
ጨረቃን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ልጆች ምንም ቢሉ።

ሉዶሚር ቀበሮውን ከላይ ሆኖ ያስኬዳል፣
ዘጠኝ ክር በአሥር ጣት፤ አንዷ ጣት ትተርፋለች፣ አፍንጫውን ያክክባታል።
ቀበሮው ሲያስነጥስ ቤቱ በሳቅ ይናዳል፣
ልጅ ሁሉ ሆዱን ይዞ ከወንበር ይወርዳል።

ያስኬዳል አልኩ እንዴ? ያስኬድ ነበር።

ባለፈው ጥቅምት፣ እሑድ ቀን፣ በአደባባይ፣
ከሰልፈኛ መሀል ወጣ፣ ከመድረኩ ላይ።
ክር አልያዘም በእጁ፣ ድምፁም የቀበሮ አይደለም፤
«ድንበሩ ይዘጋ!» አለ፣ «ለመጤ ቦታ የለም፣
ከጫካ የመጣ ሁሉ ወደ ጫካው ይመለስ!»
ቪዲዮው ከተማውን ዞረ፣ ሰኞ ማለዳ ሳይደርስ።
ማክሰኞ ደብዳቤ ወጣ፤ ማኅተም፣ ቀን፣ ቁጥር፣
የዳይሬክተር ሰቨሪን ፊርማ፣ የተጠማዘዘ እንደ ክር።
የክሩን ሰው የእንጀራ ገመድ በጠሱት፣ በሦስት መስመር።

እኔስ ምን ተሰማኝ? ልዋሽ አልፈልግም፦
ደስ አለኝ።
የዚያን ዕለት ማታ ቢራው ሳይቀር ጣፈጠኝ።
አፉን ስለጠላሁት እጁን ረሳሁት።

ከዚያ ግን፣ ብርጭቆው ሲያልቅ፣ ቦግና ትዝ አለችኝ።

ከአራት ዓመት በፊት፣ ሌላ ከንቲባ ሳለ በማዘጋጃው ደጅ፣
ጥንቸሏን የምታናግር፣ የመርከበኛ ልጅ፣
«ጫካ ውስጥ ሰው በርዶታል፣ በሩን ክፈቱለት» ብላ
በሬዲዮ ስለተናገረች ወጣች፣ ሻንጣዋን አንጠልጥላ።
ያኔ እኔ «ነፃነት!» አልኩ፤ ወረቀት ይዤ ዞርኩ፣
በር እያንኳኳሁ አርባ ፊርማ ለቀምኩ።
ሉዶሚር አልፈረመም። ክሩን እየፈታ፣ ሳያየኝ፣
«ይህ ቴአትር ነው እንጂ ፓርላማ አይደለም» አለኝ።
ያቺን ቃል ዛሬ ማን ያበድረው?

ደግሞም ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ቢሆን ምን ነበረበት!
ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ግድግዳው በሻገተበት፣
ዘርሚና ትቀመጣለች፣ ልጇን ፓልዋሻን አቅፋ።
ከጫካው የመጡ ናቸው፣ አንድ ጫማቸው በበረዶ ጠፍታ።
ፓልዋሻ በፖላንድኛ መጀመሪያ የሳቀችው
ያ ቀበሮ ሲያስነጥስ ነው።
እንግዲህ እናቲቱ ምን ታድርግ? ቲኬት ገዝታ፣ ተሰልፋ፣
«ተመለሺ» ላላት ሰው ታጨብጭብ፣ ልጇን አቅፋ?
አላውቅም። ሥራዬ ማብራት ነው፣
ማብራራት የሌላ ሰው።

ቅዳሜ አዲስ ልጅ ክሩን ያዘ። ቀበሮው አስነጠሰ፤
አንድ ሰው አልሳቀም። ጸጥታው እንደ ውሃ ፈሰሰ።
ፓልዋሻ ጮክ ብላ፦ «እማዬ፣ ቀበሮው ታሟል እንዴ?»
እናቷ አልመለሰችም። ተነሥታም አልወጣች። ጓንቷን ብቻ ጠቀለለች አሥራ አንዴ።

በማግስቱ ወደ ቦግና ሄድኩ፣ ወንዙ ዳር፣ ከንግድ ሳጥኗ፣
ዝንብ የታሰረባት ሙጫ ትሸጣለች፣ ቁራጭ በቁራጭ፣ ቀን በቀኗ።
ወረቀቱን ዘረጋሁ፦ «ሉዶሚር ይመለስ» የሚል።
አነበበችው። ደገመችው። መነጽሯን ጠረገች በሻርፕ ጥግ፣ ቀስ በል እንደሚል።
«ያኔ የጮህክልኝ» አለች፣ «ለእኔ ነበር ወይስ ለሐሳቤ?»
መልስ ስፈልግ ቆየሁ፣ ዝንቧን እያየሁ፤ ታሰረ ልቤ።
ከዚያ ስሟን ጻፈች፣ በትልልቅ ፊደል፣ ከላይ፣
«የአንተ የታለ?» አለችኝ። ገለበጠችው፣ ጀርባውም ባዶ ነበር፣ የለም እዚያም ላይ።

አሁን ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ፣ ቀበሮው ምስማሩ ላይ።
ሰው ሁሉ ሲሄድ አንዲት መብራት አበራሁ፣ ክሮቹን ላይ።
ዘጠኙም አሉ። አንዱም አልተበጠሰም።
የተበጠሰው ሌላ ገመድ ነው፣ በእኔ መብራት አይታይም።
እስክሪብቶ አለኝ፤
ጠፋብኝ አልልም።